የማዞሪያው ቀይ ጫፍ

ሴትዮዋን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በቅጽል ስሟ ነው፤ ወረንጦ። ስሙን ያወጡላት የአውሮፕላን ጥገና ባልደረቦቿ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የበረራ መለኪያዎችን፣ እነዚያን ሰዓት የሚመስሉ ጌጆች፣ ስትፈታና ስትገጥም ወረንጦ ከእጇ ተለይቷት አያውቅም። ነገር ስትይዝም እንደዚያው ነበረች፤ አንዴ ከያዘች የሚያስለቅቃት የለም። በሥራዋ ስህተት ያገኘባት ሰው አልነበረም፤ ቢያገኝም ደፍሮ የሚነግራት ገና አልተወለደም። "ይኼን ማን ነካው?" ብላ ከጠረጴዛዋ ቀና ስትል፣ ያልነካው ሰው ሳይቀር ክው ይል ነበር።

ጡረታ ስትወጣ ዘመድ አዝማዱ አርፋ የምትቀመጥ መስሎት ነበር። እሷ ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላት መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ጠረጴዛ አስገባችና ትንንሽ አውሮፕላን መሥራት ጀመረች። በካርቶን ታሽጎ፣ ተገጣጥሞ እንዲሠራ የሚሸጠውን ዓይነት አይደለም። እሱንማ አንዴ ሞክራው፣ ኮክፒቱ ውስጥ፣ አብራሪው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ወንበርና ከተለጠፈ ሥዕል በቀር ምንም እንደሌለ ስታይ፣ "ይኼ አውሮፕላን ነው የሳሙና ማስቀመጫ?" ብላ ወደ ጎን አሽቀነጠረችው። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ከባዶ ነው የምትሠራው። የእርጎ ዕቃ ቆርጣ የኮክፒት ግድግዳ ታደርገዋለች። የኪኒን ማሸጊያ ጀርባ ላይ ያለውን ብርማ ወረቀት ሸንሽና የወንበር ቀበቶ ታወጣለታለች። የቀበቶው ዘለበት ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። የመለኪያዎቹን መስታወት ደግሞ የምታስመስለው በመርፌ ጫፍ በምታንጠባጥበው ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጥፍሯን ተቀብታ የማታውቀው ሴት ሱቅ ሄዳ የጥፍር ቀለም ስትጠይቅ ባለ ሱቁ ፈገግ ብሎ ለማን እንደሆነ ቢጠይቃት፣ "ለከፍታ መለኪያ" ብላው ወጣች።

በስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ አውሮፕላን ሠራች። በሰብል ላይ ፀረ ተባይ የሚረጨውን ባለ አንድ ወንበር ቢጫ አውሮፕላን ግን አልሠራችውም። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ያንን አውሮፕላን ይዞ የወደቀው ታናሽ ወንድሟ ነው።

ነገሩ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ወንድሟ ያኔ የሠላሳ ሁለት ዓመት ጎበዝ ነበር። ቢጫውን የሚያበረው ሰው ታሞ ሲቀር፣ እሱን ከሌላ ዓይነት አውሮፕላን አንስተው በዚያ ላይ መደቡት። ሳምንት ሳይሞላው፣ ዓርብ ጠዋት ይዞት ተነሣ። በእርሻው ዳር የሚረጨውን ረድፍ ለአብራሪው በባንዲራ የሚያሳይ ሠራተኛ ቆሞ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት በለቀቀ በአራተኛው ደቂቃ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። ወንድሟ ክፍት ቦታ ፈልጎ ሊያሳርፈው ቢታገልም ክንፉ እርሻው ዳር ያለውን ሰው መታው። ባለ ባንዲራው እዚያው ሞተ። ወንድሟ ቀኝ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ።

ከዚያ መርማሪዎች መጡ። አውሮፕላኑ ሁለት የነዳጅ ታንክ አለው፤ አንዱ በግራ ክንፍ፣ አንዱ በቀኝ። የግራው ያፈስ ስለነበር ዋዜማውን ነዳጁ እንዲወጣ ተደርጎ ጥገና ይጠብቅ ነበር። ቀኙ ጢም ብሏል። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው አብራሪው ጉልበት አጠገብ ያለው ማዞሪያ ነው። መርማሪዎቹ ውስጡን ሲከፍቱት መስመሩ ወደ ግራው፣ ወደ ባዶው ታንክ ተከፍቶ አገኙት። ታንኩ ግርጌ በቀረችው ጭላጭ ተነሥቶ፣ ጭላጯ ስታልቅ ወደቀ። ወንድሟ ግን አልጋ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር፤ "ቀዩን ጫፍ ወደ ቀኝ አዙሬዋለሁ። በዐይኔ አይቼዋለሁ።" ቀይ ጫፍ የሚለው የማዞሪያውን እጀታ ነው። እጀታው በግጭቱ ተገንጥሎ ጭቃ ውስጥ ጠፍቷል፤ አልተገኘም።

ወረንጦንም ጠርተው ጠይቀዋታል። የድሮው እጀታ ተሰብሮ፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ሥራ እንዳይቆም ከአደጋው አራት ቀን በፊት አዲሱን የሠራችው እሷ ነበረችና። የጠየቋት፣ እጀታው በዘንጉ ላይ ሊንሸራተት ይችል እንደሆነ ነው። "እኔ የሠራሁት ዕቃ አይንሸራተትም" አለች። እውነቷን ነበር። ዘንጉ ባለ አራት ማዕዘን ነው፣ እጀታው ጥርቅም ብሎ ነው የገባው። እንዲህ ተብሎ ጉዳዩ ተዘጋ፤ የአብራሪው ስህተት።

ወንድሟ ከዚያ በኋላ አውሮፕላን አልነካም። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሆነ። ተማሪዎቹ፣ ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት የነዳጅ ጌጁን ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው እንዲያነብቡ ስለሚያስገድዳቸው ከኋላው ይስቁበታል። እሱ አይስቅም።

ወረንጦ ወንድሟን ትወደዋለች፤ ይኼ አያጠያይቅም። አምሳ ስምንት ዓመት የሆነውን፣ ጢሙ የሸበተውን ሰው እስከ ዛሬ "ማሙሽ" ነው የምትለው። ያን ስህተቱንም ይቅር ብላዋለች። ችግሩ ይቅር ማለቷን አለማቆሟ ነበር። ሻይ ሲጠጡ ይቅር ትለዋለች፣ በሽተኛ ሊጠይቁ አብረው ሲሄዱ መንገድ ላይ ይቅር ትለዋለች። "ሰው ነህ፣ ተሳስተሃል፣ በቃ። አምነህ ብትገላገል ምናለበት? እኔ እህትህ እንደሆንኩ አልጠላህ" እያለች አንድ ዓይነት ወሬ ሃያ ስድስት ዓመት አወራችው። እሱም ሁልጊዜ "እትዬ፣ ወደ ቀኝ ነው ያዞርኩት" ይላታል። እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። መነቅነቋ ከስድብ ይብስበት ነበር።

በዚህ ዓለም ላይ ያመነችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ሌላ ሳትሆን የባለ ባንዲራው ሚስት ነች። ከድልድዩ ማዶ ልብስ እየሰፋች የምትኖር ሴት ናት። የወረንጦ ወንድም እግሩ ጠገግ ሲልለት ሄዶ የሴትዮዋን በር አንኳኳ፤ ተሰድቤ እባረራለሁ ብሎ ነበር። ሴትዮዋ አስገብታ አስቀመጠችው፣ እስኪጨርስ ሰማችው፤ "ወደ ቀኝ ነው ያዞርኩት" ሲላትም "እሺ" አለችው። በቃ፤ እሺ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ይሄዳል። ወረንጦ ነገሩ አይጥማትም ነበር፤ የሟች ሚስት ዘንድ እየሄደ ቁስል ከመነካካት ምን ይገኛል ባይ ናት። እሷ ሴትዮዋን አይታት አታውቅም።

ታዲያ ከአንድ ወር በፊት ወንድሟ መጣና ቢጫውን አውሮፕላን እንድትሠራለት ጠየቃት። ክንፍና ጭራ አልፈልግም፣ ኮክፒቱን ብቻ አለ። ዕድሜው ሲገፋ የዚያች ጠዋት ነገር እየተምታታበት ነው፤ ወንበሩንና ማዞሪያውን ካየ እጁ ወደየት እንደሄደ ይታወሰው ይሆናል። ወረንጦ ደስ አላት። የድሮው የጥገና ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ጋ ሄዳ አውሮፕላኑ አዲስ ሆኖ ሲመጣ የነበረውን የመመሪያ መጽሐፍ ከነፎቶው ተዋሰች፣ ሥራውንም ተያያዘችው።

ኮክፒቱ ሳያልቅ፣ ባለፈው ሐሙስ፣ ወንድሟ እንደገና መጣ። ወንበር ሳይስብ፣ ቆሞ ነው የተናገረው።

"እትዬ፣ አንቺ ነሽ ልክ። ይኼን ያህል ዓመት ሰው ሁሉ ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ ልሆን አልችልም። ወደ ግራ ሳላዞረው አልቀርም።"

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄዶ ያንኑ ሊነግራት ቆርጧል። ሴትዮዋ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ዋሽቷት እንድትሞት አይፈልግም። ወረንጦ ተነሥታ ግንባሩን ሳመችው። አሁን ገና ሰው ሆንክ አለችው። አዎ፣ እንዲህ ነው ያለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ የተቀመጠችው በደስታ ነው። ኮክፒቱ በእጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከእውነተኛው አሥራ ስድስት ጊዜ ያነሰ ነው። የመቀመጫው ቆዳ የተጨማደደው፣ መሪው ላይ ቀለሙ የተላጠው፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ስድስቱ መለኪያዎች ቁጥራቸው በአጉሊ መነጽር ይነበባል። የቀረው የነዳጅ ማዞሪያው ነበር። እሱ እንዲዞር ስለፈለገች ነው ለመጨረሻ ያቆየችው። ከናስ ቁራጭ የሩዝ ፍሬ የማታክል እጀታ ሞርዳ አወጣች፤ አንዱ ጫፍ ረዘምና ጠፍጠፍ ያለ፣ ሌላው አጠር ብሎ ሹል። ማሰብም አላስፈለጋት፤ እውነተኛዋን የሠራችው እሷ፣ እጇ ያውቀዋል። ዘንጓ ላይ ሰካቻት፣ ከዚያም ብሩሿን ሁለት ፀጉር ብቻ እስኪቀር አሹላ ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረችና ረጅሙን ጫፍ ቀባችው። አምስት ሰከንድ አልፈጀባትም።

እንደ ልማዷ፣ የሠራችውን ከፎቶው ጋር ልታስተያይ አጉሊ መነጽሯን አነሣች።

ፎቶው ላይ ቀዩ አጭሩ ጫፍ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሳቀች። ፎቶው ተገልብጦ የታተመ መሰላት፤ በአሮጌ መጽሐፍ የተለመደ ነው፣ ስንቱ ሞዴል ሠሪ በዚህ ምክንያት ግራውን ቀኝ አድርጎ ሠርቷል። ነገር ግን ፎቶው ላይ ያሉት ቁጥሮች በትክክል ይነበባሉ። አልተገለበጠም። ደግሞስ መገለባበጥ ግራና ቀኝ ያቀያይር ይሆናል እንጂ አጭሩን ረጅም አያደርግም። ወደ ጽሑፉ ሄደች። መመሪያው በአንድ መስመር ጨርሶታል፤ ሹሉ ቀይ ጫፍ ነዳጅ የሚመጣበትን ታንክ ያመለክታል፣ ረጅሙ ለጣት መያዣ ነው።

ወረንጦ እጇ ከነአጉሊ መነጽሩ አየር ላይ ቀረ።

በእሷ ሙያ ረጅሙ ነው የሚጠቁመው። ፍጥነት መለኪያ ብትል፣ ከፍታ መለኪያ ብትል፣ የግድግዳ ሰዓት እንኳ ብትል፣ ረጅሙ ጫፍ ይጠቁማል፤ አጭሩ ከኋላ ሚዛን ሊጠብቅ የተቀመጠ ነው። ይኼን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የድሮው እጀታ ተሰብሮ ሲመጣላት ሹሉ ጫፍ ከነቀለሙ ወድቆ ጠፍቶ ነበር፤ ጉንድሹን አይታ ቅርጹን በትክክል ሠራች፣ ቀዩ የት ነበር ብላ ግን አልጠየቀችም። ወረንጦ ምን ብላ ትጠይቃለች? የገጠመው ልጅ ለቦታው አዲስ ነበር፤ ከወረንጦ እጅ የመጣን ዕቃ ማን ያጣራል። ታሞ የቀረው አብራሪ ቢሆን አንዴ አይቶ "ምን ጉድ ነው?" ባለ ነበር። ወንድሟ ግን ከሌላ አውሮፕላን መጥቶ ሳምንት ያልሞላው ሰው ነው፤ ቀዩን እይ ተብሏል፣ ቀዩን አየ። እጀታው ሰኞ ተገጠመ። እስከ ሐሙስ ሁለቱም ታንክ ሙሉ ስለነበር ከየትኛው ቢጠጣ ሞተሩ ምን ቸገረው። ዓርብ ጠዋት ወንድሟ ቀዩን ጫፍ ወደ ቀኝ አዞረ። አጭሩ ጫፍ፣ እውነተኛው ጠቋሚ፣ ወደ ግራ ሄደ።

ገና ማመን አልፈለገችም። አልጋዋ ሥር ካለው ሻንጣ የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቿን አወጣች። የሠራችውን ሁሉ በሥዕል የምታስቀምጥ ሴት ናት። የዚያን ዓመት ደብተር ገለጠች። ገጹ አለ። እጀታው በእርሳስ ተሥሏል፣ ልኩ ተጽፏል፤ ረጅሙ ጫፍ በቀይ እስክሪብቶ ተቀብቷል። ከሥሩ ፊርማዋ አለ፣ ያ ሰው የሚፈራው ፊርማ።

ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች፤ መቀመጧንም አላወቀችም። አንድ ሰው ሞቷል። ሃያ ስድስት ዓመት ወንድሟን ይቅር ስትል ኖራለች።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር፤ ወረንጦ ወዲያው ብድግ ብላ አልሮጠችም። ዐይኗ ትንሿ እጀታ ላይ አረፈና ብሩሿን አነሣች። ረጅሙን ጫፍ በግራጫ ሸፈነችው፣ አጭሩን በቀይ ነካ አደረገችው። አሁን ልክ እንደ ፎቶው ሆነ። ደብተሩስ? ወጥ ቤት ምድጃ አለ። ያቺ እጀታ ጭቃ ውስጥ ቀልጣ ቀርታለች፣ ወንድሟ ራሱ አምኗል፣ ልብስ ሰፊዋ አርጅታለች። ማንም አላየም። ነገሩን ሁሉ እንዲህ ደርድራ ስትጨርስ ሰዓቱን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ያን ጊዜ ነው የራሷ እጅ ያስደነገጣት። ይኼም አምስት ሰከንድ አልፈጀባትም ነበር። ብሩሹን ወረወረችው።

ስልክ ደወለች፤ ወንድሟ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሲሄድ ስልኩን ይዘጋል፣ ዛሬም ዘግቶታል። በቀለም ማስለቀቂያ እጀታውን አጠበችና ቀዩን እንደገና ረጅሙ ጫፍ ላይ፣ ያኔ እንደቀባችው፣ ቀባችው። ኮክፒቱን በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ አስቀምጣ፣ ደብተሩን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ በነጠላ ጫማ ወጣች። ሁለት ታክሲ ሞልቶ አለፋት። በሦስተኛው ስትሳፈር አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ፊቷን አይታ አሟት እንደሆነ ጠየቀቻት። ወረንጦ "ደህና ነኝ" አለች። ድምፁ የሷ አይመስልም ነበር። ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ሲቆም ወርዳ በእግሯ ቀጠለች፤ ከስንት ዓመት ወዲህ ሮጣ አታውቅም፣ ሮጠች።

ቤቱን በቀላሉ አገኘችው፤ መስኮቱ ላይ የተሰፋ ልብስ ተሰቅሏል። በሩ ገርበብ ብሏል። የስፌት መኪናው ድምፅ አይሰማም፤ ይኼ ገና ደጅ ሆና አስፈራት።

ወንድሟ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ፊት ናት፤ መነጽሯን አውልቃ፣ በግማሽ የተሰፋ ሸሚዝ ጭኗ ላይ አድርጋ። የክፍሉ ዝምታ ነገሩ መነገሩን አስታወቀ። ወረንጦ ዘግይታለች።

ወንድሟ ቀና ብሎ ሲያያት ምን ልትሠራ መጣች ብሎ ግራ ገባው። እህቴ ናት ብሎ ለሴትዮዋ አስተዋወቃት። ሴትዮዋ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ወረንጦ መንገድ ላይ ስንት መግቢያ አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። ካርቶኑን ከፍታ ኮክፒቱን ስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ በጨርቅ ቁርጥራጮቹ መካከል አስቀመጠችው።

"ያቺን እጀታ የሠራሁት እኔ ነኝ" አለች። "ቀዩን በተሳሳተው ጫፍ ቀባሁት። እሱ ወደ ቀኝ ነው ያዞረው። ውስጡ የተከፈተው ግን ወደ ግራ ነው። እኔ ነኝ።"

ከዚያ ደብተሩን ገልጣ አጠገቡ አደረገች፣ መመሪያው ምን እንደሚል፣ በእሷ ሙያ ረጅሙ ጫፍ ለምን እንደሚቀባ በተሰባበረ አንደበት ነገረቻቸው። ስትነግር ምክንያት የምትደረድር እንዳይመስልባት ፈርታ መሐል ላይ አቆመች።

ወንድሟ አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ ትንሹን ኮክፒት ለረጅም ጊዜ አየው። ከልብስ ሰፊዋ መርፌ መሰኪያ ላይ አንድ መርፌ ነቀለ፣ በጫፏም ትንሿን እጀታ ቀስ ብሎ ገፋት። ዞረች። ቀዩ ቀኝ ላይ ቆመ።

"ወደ ቀኝ" አለ፤ ለማንም አልነበረም። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወረንጦ ወንድሟ ሲያለቅስ ያየችው ሕፃን ሳለ ብቻ ነው፤ አደጋው ቀን እንኳ አላለቀሰም ነበር።

"ማሙሽ..." ብላ እጇን ልትዘረጋ ስትል በመዳፉ አስቆማት።

"ተይኝ እትዬ። እኔን እኮ ከራሴ ጋር አጣላሽኝ። የራሴን ዐይን አስካድሽኝ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ግንባሬን ሳምሽኝ።" ትንፋሹን ሰበሰበና፣ "ይቅር ብዬሻለሁ እንድልሽ አትጠብቂ፤ ዛሬ አልችልም" አላት።

ወረንጦ እጇን መልሳ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። ስድብ ጠብቃለች፤ ልትመታትም ትችላለች ብላ አስባለች፣ ብትመታትም ደስ ባላት ነበር። ምድር ተከፍታ እንድትውጣት የተመኘችው ያን ጊዜ ነበር።

"እርስዎን ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም" አለች።

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አደረገችና ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት። አስተያየቷ ቁጣ አልነበረም፤ ከሩቅ የመጣን ሰው፣ እሱ ይሁን አይሁን ለማወቅ እንደሚያዩት ነው ያየቻት።

"ወንድምሽ መጀመሪያ የመጣ ዕለት ወደ ቀኝ ነው ያዞርኩት ሲለኝ አመንኩት" አለች። "ሰው ሲዋሽ አውቃለሁ። እሱን ካመንኩ ግን፣ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ባሌን የገደለው እሱ ካልሆነ አንድ ሌላ ሰው አለ፣ አንድ ቀን ራሱ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት አንቺን ነው።"

ወረንጦ የስፌት መኪናውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

ሴትዮዋ ጭኗ ላይ ያለውን ሸሚዝ አጥፋ አስቀመጠችና ከጥግ ያለውን ወንበር፣ ልብስ የተቆለለበትን፣ አመለከተቻት። ወንድሟ ተነሥቶ ልብሱን አነሣላት፤ እህቱን አላያትም፣ ወንበሩን ግን አቀረበላት።

"ተቀመጪ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ስለ ባሌ የማትጠይቂኝ ነገር የለም፣ ሳትጠይቂኝም እነግርሻለሁ። እስክጨርስ አትሄጂም።"

ወረንጦ ተቀመጠች። ሴትዮዋም ባሏን ከተዋወቀችበት ቀን ጀመረች።